የካምቢዮ ሦስት ነጥብ

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ጥሩ አደረግሽ!» አሉ የዕቃ ቤቱ ሽማግሌ አባባ እስቶር፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «እንዲህ ያለ ልብ ለስንቱ ወንድ እንኳ አልተሰጠውም።»

ካምቢዮ ፊቷ በራ። የውድድሩ ውጤት ትናንት መውጫ ሰዓት ላይ ነበር የተለጠፈው። እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት የቀደሙት እኚህ ሽማግሌ በመሆናቸው ሆዷ ባባ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እኔም እስካሁን አላመንኩትም።»

«ማን ያምናል! እኔ ራሴ ሲነግሩኝ ‹ተዉ፣ እሷ ይሄን አታደርገውም› ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራክሬያለሁ።»

«ለምን አላደርገውም?» ሳቀች። «ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው ያጠናሁት!»

ሽማግሌው ጥናትን ምን አመጣው በሚል ዓይን አዩዋት። ግን ሰው ደስ ሲለው ብዙ ይቀባጥራል ብለው ይሆናል፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። እሷም ጆሯቸው ደከም ብሏል ብላ አለፈች። እንዲህ እየተመራረቁ፣ አንዱ ስለ ምን እንደሚያወራ ሌላው ሳያውቅ ተለያዩ።

ቦታው የከተማ አውቶብሶች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ሲሚንቶ፣ መሀል ላይ መካኒኮች ቆመው የሚሠሩባቸው ሦስት ጉድጓዶች። እዚያ ግቢ ሰው በስሙ የሚጠራው ደሞዝ ሲፈርም ብቻ ነው። ሴትዮዋ ካምቢዮ የተባለችው የማርሽ ሳጥን ፈትታ ስትገጥም አንድም ብሎን ስለማይተርፋት ነው። ሌሎቹ ገጥመው ሲጨርሱ አንድ ሁለት ብሎን መሬት ላይ ያገኙና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ይሄ መጀመሪያም ትርፍ ነበር» ብለው ኪሳቸው ይከቱታል።

ውድድሩ ለፎርማንነት ነበር። የድሮው ፎርማን ጡረታ ሲወጣ ሁለት ሰው ቀረበ፤ እሷና ፍሬቻ። ፍሬቻ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ክፉም ሰው አይደለም። ሲጨንቀው ብቻ አንድ ዓይኑ እንደ መኪና ጥቅሻ ብልጭ ድርግም ይልበታል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ፍሬቻ ሰማንያ አራት፣ ካምቢዮ ሰማንያ ሦስት። ከሥሩ ደግሞ ደቀቅ ባለ ጽሑፍ፣ ለሴት ተወዳዳሪ በመመሪያው መሠረት ሦስት ነጥብ ሲጨመር ሰማንያ ስድስት። ቅሬታ ያለው ካለ እስከ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ያቅርብ።

ካምቢዮ ቱታዋን ለብሳ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ስትጠጋ የጠዋቱ ሠራተኛ በሙሉ ተነሣላት። ጎማ ቤት የሚሠራው ወፍራሙ ሰውዬ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የማያውቀው፣ ወንበሩን አቀበላት።

«ጨዋ! የጨዋ ልጅ!» አለ።

«ጨዋነት እንዲህ ነው» አለ ሌላው ከጉድጓዱ ውስጥ፣ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ።

አንዱ ሻይ አመጣላት። ስኳሩንም ራሱ አማስሎ። እዚህ ግቢ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ሻይ ያመጣላት ሰው አልነበረም፤ አምጪ የተባለችበት ቀን ግን ቁጥር የለውም። ፉት አለች። ለካ እነዚህ ሰዎች ይወዱኛል፣ አለች በልቧ። ለካ የኔ አለቃ መሆን እነሱንም ደስ ይላቸው ኖሯል።

ከዚያ ፍሬቻ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ውለታሽን እስክሞት አልረሳውም።»

«የምኑን ውለታ?»

«እንዴ! የደብዳቤውን ነዋ።»

«የቱን ደብዳቤ?»

የፍሬቻ ግራ ዓይን መብለጭለጭ ጀመረ። «ያው… ሦስቱን ነጥብ ትቻለሁ ብለሽ የምትፈርሚውን። ወንድምሽ ትናንት ሹፌሮች ማረፊያ ሰው ሁሉ ባለበት ቃል ገባልኝ እኮ። ‹እህቴ በሴትነቷ የተሰጣትን ምጽዋት አትነካውም፣ የኛ ቤት ልጅ እንዲህ አይደለችም› ብሎ። አጨበጨብንለት።»

ካምቢዮ የሻዩን ብርጭቆ የጎማ ቁልል ላይ አስቀመጠችው። ግማሹ ነበር።

«አልነገረሽም?» አለ ፍሬቻ።

«አሁን ነገርከኝ» አለችና ወደ አስተዳደር ቢሮ አቀናች።

የአስተዳደሩ ኃላፊ በጋራዡ ማኅተሙ ነው የሚባሉት። ማኅተሙን ለምሳ እንኳ ሲወጡ በኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተተይቦ፣ አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶ ተጋድሞ ጠበቃት። ቆማ አነበበችው። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው ሠራተኛ፣ በሴትነቴ የተጨመረልኝ ሦስት ነጥብ ክብሬን የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ።»

«‹ማንም ሳያስገድደኝ› የምትለዋን ማን ጻፋት?» ስትል ጠየቀች።

«ታይፒስቷ ናት።»

«ማን ጻፊ ብሏት?»

«እኔ።» ኃላፊው ሳል ሳል አደረጋቸው። «የኔ እህት፣ ማንም አያስገድድሽም። እኔ እንደ ታላቅ ልምከርሽ ብዬ ነው። መመሪያው ሦስት ነጥብ ሰጥቶሻል፣ መብትሽ ነው። ግን ነገ እነዚህን ሁሉ ወንዶች ልታዢ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ስም ቶሎ ነው የሚወጣው። ካምቢዮ መባሉ ቀርቶ ሦስት ነጥብ ብትባዪስ? ‹ሦስት ነጥብ መጣች፣ ሦስት ነጥብ ሄደች›። ትችይዋለሽ?»

እውነት ለመናገር ይህቺኛዋ ልቧን ነካቻት። ካምቢዮ የሚለውን ስም ማንም በመመሪያ አልሰጣትም፤ በገዛ እጇ ከግራሶ ቅባት ውስጥ ያወጣችው ስም ነው። እስክሪብቶውን አነሣች። ያንን ሻይ አሰበች፤ የተለቀቀላትን ወንበር፣ «የጨዋ ልጅ» ያሏትን። አንዲት ፊርማ ብታኖር በየቀኑ እንዲያ ሊሆኑላት ነው። ሰው መወደድ ይርበዋል፤ እሷም ሰው ናት። ማኅተሙ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደው ጠበቁ።

ከዚያ ዓይኗ ድንገት ደብዳቤው ላይ «ክብሬን» የሚለው ቃል ላይ አረፈ። እስክሪብቶውን መልሳ ክዳኑን ገጠመችበት።

«ዐሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አለች።

ወንድሟ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ አውቶብሱን ግቢ ውስጥ እያቆመ ነበር። እሱ ክርክር የሚወደው ሹፌር ወንበር ላይ ሆኖ፣ ክንዱን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሰውን ቁልቁል እያየ ነው። ቤትም ውስጥ የሚቀመጠው ረጅሙ ወንበር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ውረድ እስቲ።»

«ከዚህ እሰማሻለሁ።»

«ሞተሩን አጥፋው እንግዲያው።»

«ገና ይቀዝቅዝ፣ አሁን አይጠፋም።»

«ሞተር እየሠራ ይቀዘቅዛል ብለህ ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

አጠፋው። አልወረደም ግን።

«ማንን ጠይቀህ ነው ቃል የገባኸው?»

«ስሚኝ እስቲ መጀመሪያ! ስላንቺ ብዬ ነው። ትናንት ማረፊያው ውስጥ ምን ሲባል እንደነበር አታውቂም። ‹ሴትዮዋን አዝነው ፎርማን አደረጓት› ይላሉ። ‹መቼስ በሥራ አልቻለችም› ይላሉ። እኔ ወንድምሽ ቁጭ ብዬ ልስማ? ደሜ ፈላ!»

«ደምህ ሲፈላ ታዲያ ‹በሥራማ ትበልጣችኋለች› አትልም ነበር?»

ጋሼ ወደ መሪው ዞሮ የኋላ ማሳያ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ አስተካከለ። «እሱም ታስቦኝ ነበር» አለ ዝቅ ብሎ። «ግን እነሱ ብዙ ነበሩ።»

«ብዙ ስለነበሩ የኔን ሰጠሃቸው።»

«ሦስት ነጥብ እኮ ነው! ላብሽን አልሰጠኋቸውም! በሚቀጥለው ጊዜ ራስሽ ታገኚዋለሽ። እኔ እነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ገበታ ነው የምበላው፤ ምሳ ከጉሮሮዬ ይውረድልኝ እንጂ!»

«የሚቀጥለው ፎርማን ጡረታ የሚወጣው መቼ ነው?»

ጋሼ በጣቱ አሰላ፣ መልሱ ስላላማረው ጣቱን አጠፈው። «ለማንኛውም ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ። «የወንድ ቃል ነው።»

«ቃሉ ያንተ ነው። ነጥቡ የኔ ነው» አለችና ጥላው ሄደች። ጋሼ ይሄኔ ነው ከአውቶብሱ የወረደው፣ ማንም በሌለበት።

ወደ እስቶሩ ተመለሰች። አባባ እስቶር ጠዋት የመረቋት ላልፈረመችው ደብዳቤ መሆኑን ሰምተው ኖሮ ቀና ብለው ሊያዩዋት አፈሩ።

«አባባ፣ የመሣሪያ ካርዶቹን ይስጡኝ። የኔንና የፍሬቻን።»

ሽማግሌው ካርዶቹ ለምን እንደተፈለጉ ወዲያው ገባቸው። በዚያ ጋራዥ የሥራ ልምድ የሚቆጠረው ከተቀጠሩበት ቀን ሳይሆን የመሣሪያ ሳጥን ከተረከቡበት ቀን ነው። ሳጥን ያልያዘ ሰው መካኒክ አይባልም። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ነጥብ። መሳቢያውን ጎትተው፣ ዳርና ዳሩ የወየበ ሁለት ካርድ አውጥተው መስኮቱ ላይ አኖሩ።

ሁለቱም የተቀጠሩት በአንድ ሳምንት ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት በአንድ ዓይነት ወረቀት። ፍሬቻ ሳጥኑን የተረከበው በሦስተኛው ቀን ነው። የእሷ ካርድ ላይ የርክክቡ ቀን ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በመሀል፣ በአባባ እስቶር የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፦ «ሳጥን ያልተሰጠበት ምክንያት፤ የሴት ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም።»

ክፍል ስለሌለ ቱታ አይሰጣትም፣ ቱታ ስለሌላት ጉድጓድ አትወርድም፣ ጉድጓድ ስለማትወርድ ሳጥን አያስፈልጋትም። ሰባት ዓመት በዚች መስኮት ቁልፍና ካቻቢቴ ስታቀብል ኖረች። መካኒኮቹ እጃቸውን ሊጠርጉ ጨርቅ የሚጠይቁ መስለው ይመጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲገባ ይጮሃል፤ ምን ይመስልሻል?» ይሏታል። «ማርሹ አይደለም፣ የኋላውን ኩሽኔታ እየው» ትላለች። ሄደው ያዩታል። ኩሽኔታው ይሆናል። ሥራው የሚመዘገበው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ሰው ስም ነው። ፍሬቻም የመጀመሪያውን ዓመት ጨርቅ አብዝቶ ነበር።

በስምንተኛው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ፣ የተሰበረ የአውቶብስ ወንበር የሚጣልበትን ክፍል አስጠርጎ መቀየሪያ አደረገላት። ጠረጋው ግማሽ ቀን ፈጀ። ያን ቀን ክፍሉ ደጃፍ ቆማ፣ ወንበሮቹ ሲወጡ እያየች፣ ደስ ይበላት ወይ ትጩህ ቸግሯት ነበር።

«ትእዛዝ ነበር ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ጻፍ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ አባባ። እንኳንም ጻፉት።»

ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል የአስተዳደር ቢሮው በር ላይ መካኒኩ፣ ጎማ ሠሪው፣ ሹፌሩ ተኮልኩሏል። ጋሼም ከኋላ አለ፤ በእግር ጣቱ ቆሞ። ፍሬቻ ጠረጴዛው አጠገብ እጁን አጣምሯል። ካምቢዮ ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና ሁለቱን ካርዶች ማኅተሙ ፊት ዘረጋች። ከዚያ ደብዳቤውን ገልብጣ በጀርባው ጻፈች፣ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበች፦

«ሦስቱን ነጥብ ለመተው ፈቃደኛ ነኝ። አስቀድሞ፣ ክፍል ባለመኖሩ ምክንያት ያልተቆጠሩልኝ ሰባት ዓመታት ሰባት ነጥብ ሆነው ይመለሱልኝ።»

ማኅተሙ ካርዶቹን አገላበጡ። ከንፈራቸው ሲያሰላ ይታያል። ሰማንያ ሦስት ላይ ሰባት፣ ዘጠና።

«ይሄ… ለዚህ እኮ መመሪያ የለም» አሉ።

«ለሦስቱስ?»

«ለሦስቱ አለ።»

«እንግዲያው ባለው እንሥራ። እኔ አላኮረፍኩም፤ ከሰባት ሦስት ከመለሳችሁልኝ ምን እላለሁ።»

በሩ ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ወፍራሙ ጎማ ሠሪ እጁን አወጣ። «ምን ወረቀት ያስፈልጋል! ሁለት ካምቢዮ ይውረድና ይፍቱ፣ ይግጠሙ! የቀደመ ፎርማን ይሁን!»

ሐሳቡ ሰዉን አሟሟቀው። «ልክ ነው!» «በእጅ ይታይ!» አሉ። ከፊሎቹ እንደሚቀናት አውቀው ለእሷ አስበው ነው የጮኹት። ጋሼ ሳይቀር ከኋላ «አዎ! እህቴ ትግጠም!» አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ የፈለገው መውጫ ቀዳዳ ተገኘለት።

«አልገጥምም» አለች ካምቢዮ።

ወደ በሩ ዞረች።

«የእጅ ሥራ ፈተናው ያለፈው ሳምንት ነበር። ከአርባ ሠላሳ ሰባት አምጥቻለሁ፤ እሱ ሠላሳ አራት። ሰሌዳው ላይ አለ፣ ማንበብ የሚችል ያንብብ። የድሮው ፎርማን ስንቴ ነበር የተፈተነው? አንዴ። ከሱ በፊት የነበረውስ? እሱንስ ፈተንኩት የሚል ሰው አላየሁም። እኔ ቲያትር አይደለሁም፣ ሥራ ከጨረሳችሁ በኋላ የምታዩኝ። አንዴ ተፈትኛለሁ፣ በቃኝ።»

«ሰው ግን ያወራል» አሉ ማኅተሙ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«ያውራ። ሦስት ነጥብ ብላችሁ ጥሩኝ፣ አቤት እላለሁ። ሲጠሩኝ በሰማሁ ቁጥር የቀሩት አራቱ የት ሄዱ እያልኩ እጠይቃለሁ። መልስ ያለው ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

የፍሬቻ ዓይን በላይ በላዩ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁሉም እሱን ያያል። ካርዱን አነሣ፣ የራሱን ቀን አየ፣ የእሷን አየ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቀኑ ትክክል ነው» አለ። ከዚያ አንጀቱ አልቻለም። «እኔ ግን መቀየሪያ ክፍል አይኑር አላልኩም። በምን ጥፋቴ ነው ያጣሁት?»

ካምቢዮ ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ስታመላልሰውም ውላለች። ቢሆንም በእሱ አፍ ስትሰማው ቀላል አልሆነላትም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ልጆቹን በስም ታውቃለች።

«አይኑር አላልክም» አለችው። «ይኑርም አላልክም። ሰባት ዓመት ስትመጣና ስትሄድ በዚያ ክፍል በኩል ነበር የምታልፈው። ጥፋት ሠርተሃል አልልህም። ግን አንድ ዓመት ጉድጓድ በወረድክ ቁጥር አንድ ነጥብ ሲጨመርልህ፣ የኔ በር ስለተዘጋ እንደሆነ አላየኸውም። የኔ ሦስት በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ያንተ ሰባት ልምድ ይባላል። ልዩነቱ ይሄው ነው።»

ፍሬቻ እጇን አልጨበጣትም። ሰዉን ገፋ አድርጎ ወጣ። ሦስት ሰዎች ተከትለውት ሄዱ፤ ጠዋት ሻይ ያመጣላት አንደኛው ነበር። ካምቢዮ ስታያቸው አልከፋትም ማለት ውሸት ነው። ግን አልጠራቻቸውም።

የግድግዳው ሰዓት ዐሥር አለ። ማኅተሙ ደብዳቤውን ከፊትም ከኋላም ዳግም አነበቡት፣ አጠፉት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ ቆለፉበት። ከዚያ ውጤቱን ከሰሌዳ አስነቅለው አስመጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ማኅተሙን በአፋቸው እፍ እፍ አሉበትና፣ ሰማንያ ስድስት የሚለው ላይ፣ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ አሳረፉት።

«ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይግቡ» አሉ። ጠዋት «አንቺ» ሲሏት የነበሩት ሰውዬ መቼ ወደ «እርስዎ» እንደዞሩ ማንም ልብ አላለም። እሷ ግን ልብ ብላለች። «የቁልፍ ርክክብ አለ። የሠራተኛ ድልድልም ይጠበቅብዎታል።»

«ሁለተኛው ጉድጓድ ፍሬቻ ይመራዋል» አለች ካምቢዮ። «ዛሬ ይጻፍልኝ። ከሱ የሚሻል የለኝም።»

ሰዉ ተበተነ። ግቢው ውስጥ የማታው ተረኛ አውቶብሶች ሞተር እየተነሣ ነው። ካምቢዮ ወደ መቀየሪያ ክፍሏ ስትሄድ ጋሼ ከኋላዋ ሲሮጥ ደረሰባት። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያሻሸዋል። ታላቅ ወንድም ይቅርታ ሲጠይቅ እንደማያውቅበት ከአረማመዱ ያስታውቃል፤ አንዴ ቀደም ይላታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል።

«አንቺ ልጅ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት ጋሼ።»

«ጥሩ ተናገርሽ። አራቱን ነጥብ ስትጠይቂያቸው እኔም ገባኝ።» ትንሽ ተራመደ። «ግን እኮ እኔን ጉድ ሠራሽኝ። ያን ሁሉ ሰው አስጨብጭቤ! ነገ ሄጄ እነዚህን ሰዎች በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ካምቢዮ የቱታዋን ቁልፍ እየፈታች፣ ሳትዞር መለሰችለት።

«በስፖኪዮ።»